እንቦሳ እሰሩ እያሉ ማልቀስ

ሰላም ሰላም የዓምዳችን ቤተሰቦች። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎችና የስልክ መልእክቶች የሚበዙት ነገራቸው አንድ ነው፣ ኑሮዬ ተቀየረ፣ ፈራሁ፣ ምን ላርግ የሚሉ። ሁለት መርጫለሁ፣ አንዱ ከቦሌ አራብሳ አንዱ ከሰበታ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ ላሳጥረው ሞክሬ ጣዕሙ ጠፋብኝና እንዳለ አስገባሁት።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ። ዓምድዎን ድሮ የማነበው ጎረቤቴ መጽሔቱን ስትጨርስ እየሰጠችኝ ነበር፣ አሁን ጎረቤትም የለኝ፣ ገዝቼ ነው የማነበው።

38 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ እናቴም እዛው ወልዳኝ እዛው ነው የሞተችው። 2017 መግቢያ ላይ ሰፈራችን ለልማት ተነሳና በቀበሌ ቤታችን ምትክ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ አራተኛ ፎቅ ባለ አንድ መኝታ። እውነቱን ልንገርዎትና ቤቱን አልጠላሁትም፣ ሽንት ቤቱ የብቻችን ነው፣ ድሮ ለሰባት አባወራ አንድ ነበር፣ ክረምት ሲመጣም ጣራው ስር ባልዲ አንደረድርም። ዘመድ አዝማዱ እየደወለ ቤት ለእንቦሳ ይለኛል እኔም እንቦሳ እሰሩ እላለሁ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል።

ካዛንቺስ እያለሁ ቡና ነበር የማፈላው፣ ከአንድ ትልቅ ቢሮ ጀርባ፣ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ። 18 ሲኒ ነበረኝ፣ ጠርዛቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያላቸው፣ ሰው ሁሉ ባለ ሰማያዊዋ ነበር የሚለኝ። ስንነሳ የዱቤ ደብተሬ ላይ 4,300 ብር ነበር፣ ቢሮው ሌላ ቦታ ሄደ ሰዎቹ ተበተኑ ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ። ረከቦቱንና ሲኒዎቹን በአንሶላ ጠቅልዬ አልጋ ስር ከተትኳቸው፣ ይኸው ሰባት ወር ሙሉ አልፈታኋቸውም።

ባሌ ጥበቃ ነው፣ ሳርቤት አካባቢ። መገናኛ ወርዶ ሌላ ታክሲ እስኪይዝ ስለሚረፍድበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው የሚወጣው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ በሚቀጥለው ወር ሚኒስትሪ ትፈተናለች፣ ትምህርት ቤት ቀይራ ጓደኛ የላትም። እሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ የኔ እንቅልፍ አበቃ በቃ፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ የምሞት ይመስለኛል፣ ውጪ ጅብ ይጮሃል፣ ንፋሱ መስኮቱን ያንቀጫቅጨዋል። ክሊኒክ ሄጄ ኢሲጂ ተነሳሁ ልብሽ ደህና ነው አሉኝ። አንድ ሴትዮ ዓይነ ጥላ ነው ጠበል ግቢ አለችኝ። ባሌ ደግሞ ሌላው ቤት አጥቶ ይንከራተታል አንቺ ቤት አግኝተሽ ታለቅሻለሽ ይለኛል፣ እሱም እውነቱን ነው እኮ።

እህቴ ዱባይ ናት፣ ነይ እኔ አስገባሻለሁ ትላለች። አንድ ቀን እሄዳለሁ እላለሁ፣ በማግስቱ ልጄን አይና አልሄድም እላለሁ፣ ሌላ ቀን እዚሁ ኮንቴነር ተከራይቼ ልስራ እልና ኪራዩን ስሰማ እመለሳለሁ። ፍርሃቱ እስኪያልፍልኝ ጠብቄ ልወስን ወይስ ምን ይሻለኛል? እህትዎ ከአራብሳ።»

እህቴ፣ ከዱባዩ ልጀምርልሽ ብዬ ነበር። ግን አይሆንም፣ ከእንቦሳው ነው የምጀምረው።

ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ድንኳን ይጣላል፣ ዕድሩ ወንበርና ብረት ድስት ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሶስት ቀን ማንም ብቻሽን አይተውሽም፣ ከዛ አርባው አለ፣ ሰማንያው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ፣ ይበቃሻል እስኪሉሽ ድረስ ሰው ፊት ታለቅሻለሽ። ሰፈር ሲሞትብን ግን ምንም ወግ የለንም። አንቺ እናትሽ ያረፈችበትን ክፍል፣ አስራ አምስት ዓመት የተቀመጥሽበትን ጥግ፣ ዕድርሽን፣ ደንበኞችሽን፣ መጽሔት የምታውስሽን ጎረቤት ሳይቀር በአንድ ወር ውስጥ አጣሽ። ሰው ደግሞ ይደውልና እንኳን ደስ አለሽ ይልሻል። ለቅሶ ተቀምጠሽ እልል እየተባለብሽ ነው እኮ የኔ እህት! ጉሮሮሽ ላይ የሚቆመው ሳይለቀስ የቀረ ለቅሶ ነው።

ይሄን ከራሴ ብቻ አይደለም የማወራው። አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ዌስት ኤንድ የሚባል የሰራተኛ ሰፈር ነበር፣ ጣሊያኖችና ሌሎች ስደተኞች ተደባልቀው የሚኖሩበት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አሮጌ ነው ተብሎ ፈረሰ። ማርክ ፍሪድ የሚባል የስነ ልቦና ባለሙያ ሰዎቹን ከመነሳታቸው በፊትም ከተነሱ በኋላም እያነጋገረ አጠናና በ1963 ውጤቱን ሲጽፍ ከሴቶቹ ግማሽ የሚጠጉት የያዛቸው ነገር ሰው የሞተበት ሰው ሀዘን ነው ብሎ ነው የገለጸው፣ ሁለት ዓመት አልፎም ያልወጣላቸው ነበሩ። ሰፈሩን ይወድ የነበረ ሰው ደግሞ ሀዘኑ ይበልጥ ጸንቶበታል። እና አንቺ እዛው ተወልደሽ እዛው እናትሽን ቀብረሽ ጉሮሮሽ ባይታነቅ ነበር የምደነግጥልሽ። (ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያን ለመንግስት ሰራተኞቹ ካሰራቸው ቤቶች ነው የመጣው፣ ካዛ ኢንቺስ ከሚለው። ጣሊያኑም ሄደ፣ ቤቶቹም ሄዱ፣ ስሙ ግን እስከዛሬ የታክሲ ረዳት አፍ ላይ አለ።)

ባልሽ እውነቱን ነው አልሽኝ። እውነቱን ነው፣ ግን አንድ ነገር አላየም። እሱ ጠዋት ተነስቶ ሳርቤት ነው የሚውለው፣ የድሮ ባልደረቦቹ ጋ፣ የድሮ ምሳ ቤቱ ጋ። ከኑሮው የተነሳው መኝታው ነው፣ ውሎው እዛው አለ። ያንቺ ቤትሽም ስራሽም ወሬሽም አንድ ግቢ አካባቢ ስለነበር ሁሉም በአንድ መኪና ተጭኖ ወጣ። ይሄንኑ በዚሁ ቋንቋ ንገሪው፣ አታለቃቅሺ የሚልሽ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እሱም ፈርቶ ነው፣ በሌሊት ጅብ መሀል የሚሄደው እሱ አይደል እንዴ።

እና ለቅሶውን ልቀሺው። እንዴት በይኝ። ከድሮ ጎረቤቶችሽ ሁለት ሶስቱን ደውለሽ ፈልጊያቸው፣ እነሱም አንዱ እዚህ አንዱ እዛ ማዶ ደርሷቸዋል። ጠበል ካልሽ ክርስቲያን ነሽ ብዬ ነው፣ በወሩ በ22 ኡራኤል ተቀጣጠሩ፣ ቤተክርስቲያኑ አልተነሳም። ከዛ ወጥታችሁ ሰፈራችሁ የነበረበትን እዩት፣ አዎ እዩት፣ አስፋልቱንም አጥሩንም እዩትና አልቅሱ፣ ከዛ አንድ ቦታ ሻይ ጠጡና ማን የት እንዳለ ተጠያየቁ። ስልክ ቁጥር ተቀባበሉ። ዕድሩ ፈርሶ ከሆነ የቀረ ገንዘብ ይኖራል፣ እሱንም ጠይቂ እግረ መንገድሽን።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ለንደን ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 45 ሰው ሰብስበው የኮምፒውተር ጌም አጫወቱ። ስክሪኑ ላይ ድንጋይ ይመጣል፣ ከስሩ እባብ አለ ወይስ የለም ብለሽ ትገምቻለሽ፣ እባብ ከወጣ እጅሽን የሚያም ኤሌክትሪክ ይነዝርሻል። ላባቸውንና የዓይናቸውን ብሌን እየለኩ ማን በጣም እንደተጨነቀ አዩ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው መቶ በመቶ እንደሚነዝረው ያወቀው ነው የሚጨነቀው ብዬ ነበር፣ ለካ በጣም የሚጨንቀው 50 በ50 ሲሆን ነው። መምጣቱ የታወቀ መከራ ትከሻ ያስችላል፣ ይምጣ አይምጣ ያልታወቀው ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

አንቺ በየቀኑ ሶስት ድንጋይ ነው የምታገላብጪው፣ ዱባይ፣ ኮንቴነር፣ ቤት መዋል። ስለዚህ አንዱን ድንጋይ ለጊዜው አስቀምጪው። ለእህትሽ ደውይላትና እስከ መስከረም ስለዚህ ጉዳይ አታንሺብኝ በያት። እምቢ በያት አላልኩም፣ ልጅሽ በሚቀጥለው ወር ፈተና አለባት፣ አንቺ ደግሞ ሌሊት እየባነንሽ የምትወስኚው ውሳኔ የፍርሃት እንጂ ያንቺ አይሆንም። መስከረም ላይ ልብሽ እዛው ከሆነ ያኔ እናወራለን፣ ግን አስገባሻለሁ ስትል በምን ቪዛ እንደሆነ አጥብቀሽ ጠይቂያት፣ በቪዚት ገብቶ መስራት እዛ ህገወጥ ነው፣ ውል ሳይኖር የሄደ ሰው ደሞዙን ቢከለክሉት የሚጮህበት ቦታ የለውም።

ቀጥለሽ የዱቤ ደብተሩን አውጪው። ገልብጪውና ከኋላ በኩል ጀምሪ። የማታውቂውን ሁሉ ጻፊ፣ ትንሽ ትልቅ ሳትይ፣ ከጎኑ ደግሞ መልሱን የሚያውቀውን ሰው ጻፊ። የቤቱ የወር ክፍያ ስንት ነው ቢዘገይስ ምን ይሆናል፣ ባንክ። የልጄ መፈተኛ የት ነው፣ ዩኒት ሊደሯ። ከካዛንቺስ ያመጣሁት መሸኛ ለአዲሱ ወረዳ ይበቃል ወይ፣ ወረዳው። ብሎኩ ስር ቡና ማፍላት ይፈቀዳል ወይ፣ የብሎክ ኮሚቴው። በየቀኑ አንድ ብቻ ጠይቀሽ ሰርዢ። አብዛኛው የሚያስፈራሽ ነገር አንድ ሰው ጋ መልሱ ያለ ነገር ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ መልሱ መጥፎም ቢሆን እንኳ፣ ክፍያው ከገመትሽው በላይ ቢሆን እንኳ፣ አሁን ቁጥር ሆነ፣ ቁጥር ጅብ አይጮህበትም። መልስ የሌለው ሲቀር እሱን ለፈጣሪ ትተይዋለሽ፣ ከሁሉም ጋር ቀላቅለሽ አትስጪው።

ሌሊቱን በተመለከተ። ኢሲጂ መነሳትሽ ጥሩ አደረግሽ፣ አንድ ነገር ጨምሪበት፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደም ማነስና እንቅርት (ታይሮይድ ሆርሞኑን ማለቴ ነው) ይዩልሽ፣ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። እነሱም ደህና ከሆኑ የምትነግሪኝ ነገር ፓኒክ የሚሉትን ነው የሚመስለው። ሰውነትሽ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ በጣም ሲፈጥን ደግሞ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንስና እጅ ይደነዝዛል፣ መደንዘዙ ራሱ ያስደነግጥሽና እንደገና ይብስብሻል። ብዙ ጊዜ በአስር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል፣ አንቺ ግን አስር ደቂቃውን እየታገልሽው ታረዝሚዋለሽ። ሲመጣ ተነሺና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ በይ፣ እግርሽ ወለሉን ይንካ፣ በአራት ቆጥረሽ አስገቢ በስድስት አስወጪ፣ ማስወጫው ይርዘም። ሰዓት አትዪ፣ ስልክ አትክፈቺ፣ ፌስቡክ ላይ በዛ ሰዓት ደግ ወሬ የለም። መጣህ ደግሞ በይው፣ በሱ ቤት ሊያስደንቅሽ ነው የመጣው።

ሌላ ደግሞ፣ ይሄን ለቡና አፍዪ መናገር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ ግን ልበለው፣ ከምሳ በኋላ ቡና አትጠጪ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ደምሽ ውስጥ አለ። ለሰው አፍይ፣ አንቺ ሽታውን ውሰጂ።

ጠበሉንም ሂጂ፣ ማን ከልክሎሽ። ግን ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ መድኃኒት ካለ ጠበል ገባሁ ብለሽ አታቋርጪ። ደግሞ ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ቀኑን ሙሉ መነሳት ካቃተሽ፣ ብሞት ይሻላል የሚል ሀሳብ ከመጣብሽ የኔን ዓምድ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂና ልክ እንደጻፍሽልኝ ንገሪያቸው፣ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ሪፈር ይጽፉልሻል። አማኑኤል የሚሄደው ልብሱን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፣ የጭንቀትና የእንቅልፍ ታካሚ ሞልቶ ነው ተራ የሚጠበቀው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ፍርሃቱ እስኪያልፍ ልጠብቅ ነው ያልሽኝ። አትጠብቂ። ረከቦቱን አልጋ ስር የከተትሽው ቀን እፎይ ብለሻል፣ አይደል? ያ እፎይታ ነው ያሰረሽ። ያን ቀን አሳረፈሽ፣ ከዛ ወዲህ ግን ሰባት ወር ሙሉ ከሱ በላይ ነው የምትተኚው።

እኔ የካ አባዶ የገባሁት በ2008 ነው። ዕጣው የደረሰኝ ቀን ጨፍሬያለሁ፣ የገባሁ ቀን ግን ፍራሽ ላይ ቁጭ ብዬ እዚህ ሞቼ ሬሳዬ ቢገኝ ማን ያውቀኛል ነበር ያልኩት። ውሃ ላይኛው ፎቅ አይደርስም ነበር፣ ከታች በጀሪካን ነው የምናወጣው፣ 20 ሊትር፣ ጉልበቴ ደግሞ ያኔም ጉልበት አልነበረም። አንድ ቀን ሶስተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ ጀሪካኑ ተንሸራቶ የሰው በር መታ። በሩ ተከፈተ፣ አንዲት ሴትዮ እጇ በሊጥ ተጨማልቆ ማነው አለች፣ ያንኳኳሁ መስሏት። አይ ጀሪካኔ ነው አልኳት። አየችኝ አየችኝና ግቢ ይረፍልሽ አለችኝ። የዛን ቀን ገብቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የወጣሁት፣ ውሃው ኮሪደር ላይ እንደቆመ። ዛሬ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ እሷ ናት፣ ስትቆጣ ደግሞ አትጣል፣ መዋጮ በአንድ ቀን ቢዘገይብሽ ደረጃ ላይ ትጠብቅሻለች። ይሄን የምነግርሽ እኔ ደፍሬ በር አንኳኩቼ እንዳልሆነ እንድታውቂው ነው፣ ጀሪካኑ ነው ያንኳኳልኝ። አንቺ ጀሪካን አትጠብቂ፣ 18 ሲኒ አለሽ።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ አንሶላውን ፍቺው። ለሽያጭ አይደለም። ሲኒዎቹን እጠቢ፣ የተሰነጠቀም ካለ ለዪ፣ ቄጠማ ካገኘሽ ጎዝጉዢ፣ ፈንዲሻ አፈንጂ፣ ከዛ በፎቅሽ ያሉትን ሶስት በሮች አንኳኪና ቡና ጠጡ በያቸው። እነሱም ከየሰፈሩ ተነስተው የመጡ ናቸው፣ እነሱም በራቸውን ዘግተው አንቺን እየፈሩሽ ነው። አቦል ላይ ሁሉም ዝም ይላል፣ አትደንግጪ። ቶናው ላይ ውሃ ጠፋ መብራት ሄደ ይባላል። በረካው ላይ አንዷ አንቺስ ከየት ነው የተነሳሽው ትልሻለች፣ ያኔ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ፣ አብራሽ የምታለቅስ አትጠፋም። የአካባቢውን ዕድር የት እንደሚመዘገቡም እዛው ጠይቂና በሳምንቱ ተመዝገቢ፣ የመመዝገቢያ ገንዘቡ ቢከብድሽም ከሌላ ነገር ቀንሰሽ።

ሽያጩ ከዛ ይመጣል። ኮንቴነሩን እርሺው ለጊዜው፣ ካዛንቺስም በኮንቴነር አልጀመርሽም፣ በሁለት ዱካና በአንድ ከሰል ምድጃ ነው የጀመርሽው መሰለኝ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ የሚረዝምበትን ቦታ፣ ቀን ላይ ግንበኞች የሚያርፉበትን ቦታ አንድ ሳምንት ዝም ብለሽ ዙሪና እዪ፣ ሰው ቁጠሪ፣ ሌላ ቡና የምታፈላ ሴት ካለች ስንት ሲኒ እንደምትሸጥ እዪ፣ ተዋወቂያት እንጂ አትጣያት። ደንብ አስከባሪ እንዳያነሳብሽ ወረዳው ላይ የት እንደሚፈቀድ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጨምሪለት። ዱቤ ግን አሁን እንኳ ለወር ለሁለት ወር አትስጪ በማርያም።

ልጅሽን ደግሞ ለፈተናው ብዙ አትጨቅጭቂያት። የድሮ ጓደኛዋን በሳምንት አንዴ እንድትደውልላት ስልክሽን ስጫት፣ ቅዳሜ ፈንዲሻውን እሷ ታፈንዳ።

ሁለተኛው ከሰበታ ነው፣ አጭር ነው፣ የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በፋብሪካ ንብረት ክፍል 31 ዓመት ሰርቼ 60 ዓመት ስለሞላኝ በመጋቢት ጡረታ ወጥቻለሁ። እስከ ዛሬ 12 ሰዓት እነሳለሁ፣ ጢሜን እላጫለሁ፣ ኮቴን እለብሳለሁ፣ ከዚያ ሳሎን እቀመጣለሁ። ባለቤቴ እግሬ ስር አትርመስመስብኝ ትለኛለች። የወንድሜ ልጅ ባለህ ገንዘብ አይሱዙ በጋራ እንግዛ ይለኛል። ነገ ምን እንደምሆን ሳስብ ያስፈራኛል፣ በዚህ ዕድሜ መፍራት ደግሞ ያሳፍራል።»

ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚያሳፍረውን እናንሳ። ሆልምስና ራሄ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1967 እ.ኤ.አ. ሰውን የሚያናውጡ 43 የኑሮ ለውጦችን ደርድረው ነጥብ ሰጥተዋቸው ነበር። ጋብቻ 50 ነው፣ ጡረታ 45። የርስዎን ሰርግ ያስታውሱት፣ በዋዜማው ተኝተዋል? እንግዲህ አሁንም ከዛ አምስት ነጥብ ነው የቀረው፣ ሚዜ ደግሞ የለም። (ቤት መቀየርን 20 ብቻ ነው የሰጡት፣ እነሱ ከካዛንቺስ አራብሳ አልሄዱማ።)

አይሱዙውን በተመለከተ፣ ስድስት ወር ገንዘቡን አይንኩት። የወንድም ልጅ ክፉ ነው አላልኩም፣ ከዛም በኋላ ቢሆን ሹፌሩ ማነው፣ ጎማው ሲፈነዳ ከማን ኪስ ነው፣ ኪሳራስ እንዴት ይካፈላል የሚለውን በጽሁፍ ያድርጉት። 31 ዓመት ያለ ፊርማ ዕቃ አውጥተው አያውቁም፣ አሁን ምን አስለመደዎት?

ባለቤትዎን ደግሞ አይቀየሟቸው። 31 ዓመት ቀን ቀን ያ ቤት የሳቸው ነበር፣ ቡናቸውን መቼ እንደሚያፈሉ፣ ማን እንደሚመጣ፣ ሬዲዮኑ የት ላይ እንደሚከፈት እሳቸው ነበሩ የሚያውቁት። በመጋቢት አንድ ኮት የለበሰ ሰው መጥቶ ሳሎን ተቀመጠባቸው። እሳቸውም ጡረታ ወጡ ማለት ነው፣ ገንዘቡ ሳይኖረው።

ኮቱን አያውልቁ። ለብሰው 2 ሰዓት ላይ ይውጡ እንጂ። የሰፈርዎ ዕድር ሊቀመንበር ጋ ይሂዱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፣ ስንት ወንበር አላችሁ? ስንት ድስት፣ ስንት ጭልፋ፣ የድንኳኑ ካስማ ስንት ነው? እርግጠኛ ነኝ በትክክል አይመልስልዎትም። የኛ ዕድር በየለቅሶው ጭልፋ ይጠፋበታል፣ አንዱ ሌላውን ይጠረጥራል፣ ስብሰባው በጭልፋ ክርክር ያልቃል። እርስዎ ዕድሜዎን ዕቃ በሞዴል 19 ተቀብለው በሞዴል 22 ያወጡ ሰው ነዎት፣ ለየዕቃው አንድ ቢን ካርድ (ገቢና ወጪው የሚጻፍበትን) ቢያወጡላቸውና በቀለም ቁጥር ቢጽፉበት ሀገር ያመሰግንዎታል። ደሞዝ የለውም። ግን ጠዋት ሰው በርዎን ያንኳኳል፣ ጋሼ ድንኳኑ ይፈለጋል ይልዎታል፣ ባለቤትዎም ቡናቸውን በሰላም ያፈላሉ። የፍርሃቱ ነገር ካልቀነሰ በክረምቱ ይጻፉልኝ፣ የቆጠራውን ውጤትም ጨምረው።

ከመሰናበቴ በፊት። ካዛንቺስ ከትልቁ ቢሮ ጀርባ ባለ ሰማያዊ መስመር ሲኒ ቡና ትጠጡ የነበራችሁና ደብተር ላይ ስማችሁ ያለ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። 4,300 ብር ነው ሁሉም ተደምሮ። ቀሪያችሁን በፖስታ አድርጋችሁ መጽሔቱ ቢሮ ብትተዉ እኔ አደርስላታለሁ፣ ፖስታው ላይ እሷ ትጠራችሁ በነበረው ስም ጻፉበት፣ ደብተሩ ላይ በሱ ነው የምትሰርዘው።